ሥጋው ይቀነስ፤ ግን ከማን ድርሻ?

ከደብረ ማርቆስ የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ዕድሜዬ 41 ነው፤ አስተምራለሁ። ባለቤቴ 53 ዓመቱ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ሁለተኛው 9 ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻው ዓመት ከስድስት ወሩ ሲሆን አሁንም ይጠባል። ባለቤቴን ሪህ ይዞት የእግሩ አውራ ጣት አብጦ ሰነበተና ሐኪሙ ‹ሥጋ ቀንስ› አለው። ልጄ ደግሞ ለፋሲካ ስትመጣ ከከብት ሆድ የሚወጣው ጋዝ ዓለምን እንደሚያሞቅ፣ ጮቄ ተራራም የተራቆተው በከብት ብዛት እንደሆነ አስረዳችን። ሁለቱ ነገር ሲገጥም ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ቤታችን ሥጋ እንዳይገባ ተስማማን። ‹ላሟም ያው ከብት ናት› ብላ ወተቱንና ቅቤውን አስተወችን፤ እንቁላሉም አብሮ ቀረ። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ ሲል ብቻ ይቀምሳል። እኔ ግን ከሰኔ ጀምሮ ያዞረኛል፤ የፈተና ወረቀት ይዤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፤ ጥፍሬ ይሰባበራል። አማቴ ‹የቤተ ክርስቲያኑ ጾም አልበቃ ብሏችሁ ሌላ ጾም አወጃችሁ› ይሉናል። አሁን እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው፤ የሠፈራችን ሰዎች ቅርጫ ግቡ ብለውናል። ወደ ሥጋ ብመለስ ልጄ ፊት ቃሌን ያጠፍሁ ይመስለኛል፤ ባልመለስ አቅሜ እያለቀ ነው። ዓሣስ ይሻል ይሆን? ለጤናዬም ለአካባቢውም የሚሆን መንገድ የለም?»

እህቴ፣ የሥጋውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ነገ ዛሬ ሳይሉ። ማዞር፣ ደረጃ ሲወጡ የልብ ምት መፍጠን፣ የጥፍር መሰባበር፣ በዚያ ላይ ሕፃን ማጥባት አንድ ላይ ሲመጡ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የደም ማነስ ነው። ጥርጣሬ ግን ምርመራን አይተካም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን መጠንዎ ይለካ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት መነሻው በዴሲሊትር 12 ግራም ነው፤ ከዚያ ከወረደ የደም ማነስ ይባላል። ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ብዙ ደም ማምረት ስላለበት ለደገኛ ሰው መነሻው ከፍ ይላል። «12 ተኩል ነው፣ ደህና ነዎት» ቢሉዎት የቦታው ከፍታ ታስቦ እንደሆነ ይጠይቁ። የሰገራ ምርመራም ያድርጉ፤ መንጠቆ ትል የሚባለው ጥገኛ አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ደም ይመጣልና። የእርግዝና ምርመራም ይጨመር። ደረጃ ላይ ልብ የሚመታበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉን በሥጋ ማመካኘት ሐኪሙን ማሳሳት ይሆናል።

እስቲ ደግሞ ወደ ኋላ እንቁጠር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሥጋም ወተትም የቀመሱት ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ባለችው አንድ ሳምንት ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሳይቀር ብሉ ብላ የፈቀደችውን በዓለ ኀምሳን እርስዎ ጾሙት። ወዲያው የሰኔ ጾም ገባ፤ ከዚያ ፍልሰታ። አማትዎ የተናገሩት ለቀልድ አይመስለኝም፤ ቆጥረው ነው።

ሥጋ በመተው ከሚጓደሉት ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቫይታሚን ቢ12 ሲሆን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ውጭ በቂ ሆኖ አይገኝም። ይህኛው ግን ጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት አያልቅም። ብረት እንዲህ አይደለም። ወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ያህል ብረት ከምግቧ እንድታገኝ ሲመከር፣ የወንድ 8 ሚሊግራም ነው። ሦስት ጊዜ የወለደች ሴት ብዙውን ጊዜ በብረት ረገድ የምትኖረው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ትንሽ ሲጎድልባት ወዲያው ይታወቃል። እርስዎ ከዳግማይ ትንሣኤ በፊትም ደምዎ ሙሉ ነበር ብዬ አላስብም። ውሳኔው የቀረችውን ጥሪት ጨረሳት።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዘበት ወዳለፏት ዓረፍተ ነገር ልመለስ። ባለቤትዎ «ወጣ ሲሉ ብቻ ይቀምሳሉ»። ሐኪሙ ሥጋ ቀንስ ያለው እሳቸውን ነው። ያቆማችሁት ግን እርስዎ፣ የ9 ዓመቱ ልጅና ጥርስ ያወጣው ሕፃን ናችሁ። አባወራው ቅዳሜ ሥጋ ቤት ተቀምጠው ቁርጡን በሚጥሚጣ ሲያወራርዱ ቤት ውስጥ የቀረው ሰው ስለ ዓለም ሙቀት ይጾማል። በነገሩ ክፋት አለ አልልም። ድሮም በየቤታችን ሥጋ እኩል ደርሶ አያውቅም፤ ከዶሮው ፈረሰኛው ለአባወራው ነው፣ እንግዳ ከመጣ ደግሞ እናት ጓዳ ሆና መረቁን ትጨልፋለች። «ሥጋ እንቀንስ» የሚለው አዲስ ሐሳብ በዚያው በአሮጌው መስመር ፈሰሰና ከማይበላው ላይ ተቀነሰ። ለእኔ የደብዳቤዎ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጤናና አካባቢ ተጣልተውብኛል ብለው የጻፉት፣ በባለቤትዎ ላይ ፈጽሞ አልተጣሉም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሲበስል 350 ግራም አካባቢ ይሆናል። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ግማሽ ግማሽ ኪሎ ካዘዙ እንግዲህ ሌላው ሳምንቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚበላውን በአንድ ማዕድ ጨርሰውታል። ሪህ ለያዘው ሰው ደግሞ ከሥጋው ይልቅ የሚብሱት ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ዱለቱና አብሮት የሚወርደው ቢራ ናቸው፤ ሪህን የሚቀሰቅሰውን ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ የሚያበዙት እነሱ ናቸውና። ምስርና ሽምብራ ሪህ ያስነሳል እየተባለ የሚወራውም ብዙ አያስጨንቃቸው፤ የጥራጥሬው ነገር ከሥጋው ጋር አይተካከልም። ጥሬ ሥጋ ስለሚያመጣው ኮሶ ለጎጃም ሰው አስተማሪ ልሆን አልችልም፤ ሁላችንም እያወቅን ነው የምንቆርጠው። የእሳቸው ድርሻ ሲቀነስ አውራ ጣታቸውም ያርፋል፣ ልጅዎም ደስ ይላታል፣ የሥጋው ወጪም ቤት ይገባል።

የሚጣሉት በእርስዎና በሕፃኑ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ መልሴ አጭር ነው። ጤናው ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በየቀኑ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል እንዲያገኝ ይመክራል። የእናት ጡት ብቻ ለዚህ ዕድሜ አይበቃም። ከዛሬ ጀምሮ ለሕፃኑ በቀን አንድ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ። ልጆች ከሰባት ዓመት በፊት አይጾሙም፤ ይህን አማትዎም ያውቃሉ። እርስዎም አጥቢ ነዎትና የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ብዙ እናቶች የሚሰጣቸውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

እንቁላል ደግሞ አካባቢን ብዙም የሚከብድ ነገር አይደለም። ዶሮ አታመሰኳም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ራሱ ከብት የሚለቀውን ጋዝ ለመቀነስ ካስቀመጣቸው መንገዶች አንዱ የዶሮን ድርሻ ማሳደግ ነው። ስለዚህ ልጅዎ «እንቁላሉም ይቅር» ካለች በዚህ ነጥብ ላይ መንግሥትም እኔም አንስማማም።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። እርስዎን ወደ ትልቅ ሥጋ በላነት ልመልስዎ አላሰብሁም፤ አያስፈልግም። በፍስክ ቀን፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቦዘና ሽሮ ይሥሩ። አንድ እፍኝ የተከተፈ ሥጋ ወይም የተፈረፈረ ቋንጣ ለሙሉ ድስት ሽሮ ይበቃል። ይህን የምለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። የእህልና የጥራጥሬ ብረት ብቻውን ሲበላ ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ጥቂት ሥጋ አብሮት ሲገባ ግን ከሽሮውም የሚወሰደው ብረት ከፍ ይላል። ከአንድ ኪሎ ጥብስ ይልቅ አራት ቦዘና ሽሮ ለእርስዎ ደም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ከበሬውም የሚጠይቀው ያነሰ ነው። እርጉዝ ካልሆኑ በሁለት ሳምንት አንዴ በደንብ የበሰለ ጉበት ይጨምሩ። ለባለቤትዎ አይደለም።

በጾም ቀን ደግሞ ሽሮው ላይ ጥሬ ቃሪያ አይጥፋ። ቃሪያ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ የጥራጥሬን ብረት አንጀት እንዲቀበለው የሚያደርገው ነው። ሲበስል ብዙው ይጠፋልና ስንጉ በጥሬው ይሁን። ጎመኑ ላይ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ሎሚ ይጭመቁበት። የቲማቲም ሰላጣም ያው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብድዎትን ልንገርዎ፦ ቡናው ከምሳ ጋር አይፈላ። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን አንጀት ውስጥ አስረው ያስቀሩታል። ማዕዱ ሳይነሣ ረከቦቱ የሚቀርብበት ልማድ ጎጃም ብቻ ያለ አይደለም፤ ሆኖም በእርስዎ ቤት ከምሳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። አቦሉም ቶናውም በረካውም አይቀሩብዎትም።

«ጤፍ እየበላሁ እንዴት ብረት ያንሰኛል?» የሚል ጥያቄ እንደሚኖርዎት እገምታለሁ፤ ብዙ ሰው ይጠይቃልና። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ ቁጥር አንዱ ክፍል ከአውድማ አፈር የመጣ ነው። በሬዎቹ ሲያበራዩት ያ ደቃቅ ፍሬ ከአፈር ጋር ይደባለቃል፤ የአፈር ብረት ደግሞ ለሰውነት ብዙ አይጠቅምም። የጎጃም ማኛ ነጭ ጤፍ በዋጋው ልክ ደም አይሆንም ማለት ነው። የሚረዳው ቡኮው ነው፤ በእርሾ በደንብ ሲብላላ ብረቱን ጠፍሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል። ቸኩለው አፍለኛ አይጋግሩ። ሽምብራና ባቄላም ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ሲያድሩ እንደዚሁ ነው፤ ማደራቸው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የብረት ድስት ካገኙም ይግዙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በብረት ድስት የተሠራ ምግብ የበሉት ልጆች ደማቸው በአሉሚኒየምና በሸክላ ድስት ከተሠራላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ሸክላው ለጣዕሙ፣ ብረት ድስቱ ለልጁ።

ስለ ጓያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሥጋ ሲቀር ሽሮ ይበዛል፤ ሽሮ ሲበዛ ደግሞ ገበያ ላይ ርካሹን መፈለግ ይመጣል። ርካሹ ሽሮ ብዙ ጊዜ ጓያ የገባበት ነው። ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ከሽመደመደም አይመለስም። በጎጃምም በጎንደርም ምርኩዝ ይዘው የቀሩ ሰዎች የሚያውቁት ታሪክ ነው፤ በተለይ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። በሽሮ መልክ ከሌላ እህል ጋር ሲበላ አደጋው ከእሸቱ፣ ከቆሎውና ከንፍሮው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ቤትዎ በየቀኑ ሽሮ የሚበላ ከሆነ እህሉን ራስዎ ገዝተው፣ ሽምብራውንና አተሩን አስለቅመው ያስፈጩ። የተፈጨ ሽሮ በዱቄቱ አይታወቅም።

ግብጦን ግን አደራ እላለሁ። ሰው ከጠላና ከአረቄ ጋር የሚቆረጥም ተራ ነገር አድርጎ ይንቀዋል እንጂ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ ሌላ እህል እምቢ ባለው የደከመ መሬት ላይ ይዘራዋል፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ይልቁንም ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ይዞ መሬቱን ያጠግበዋል። ልጅዎ አካባቢን የማይጎዳ ምግብ ስትፈልግ መጽሐፍ ከምታገላብጥ ማክሰኞ ገበያ ብትወጣ ይሻላት ነበር። ችግሩ ምሬቱ ነው። ተቆልቶ፣ ጆንያ ውስጥ ታስሮ፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይሰነብታል፤ በየቀኑ አንድ ፍሬ ወጥቶ ይቀመሳል፣ ከመረረ ተመልሶ ይገባል። የመረረው መርዝ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፤ ለልጅ ደግሞ ያስፈራል። ልጣጩ ተፈልቅቆ ጣፋጭ ከሆነ በኋላ ግን በሚጥሚጣና በሽንኩርት ቢለወስ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ይሆናል። ለ9 ዓመቱ ልጅዎ ይሞክሩት።

ወደ ልጅዎ ሐሳብ ልምጣ፤ የተናገረችው እውነት ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያመርታሉ፤ ብዙው የሚወጣው በግሳት ነው። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ቢሆንም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ሰው ሠራሽ ከሆነው የሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ ነው። የእኛ ከብት ደግሞ ገለባ እየበላ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚለቀው ጋዝ ከሌላው ዓለም ይበልጣል እንጂ አያንስም። «የሀበሻ በሬ ሣር በል ነው፣ ንጹሕ ነው» እያሉ የሚያጽናኑዎት ካሉ አይስሟቸው።

ያላየችው ነገር በሬው ለምን እንደሚኖር ነው። ጎጃም ውስጥ በሬ የሚረባው መጀመሪያ ለሞፈርና ለቀንበር ነው። ዓመታት ያርሳል፤ ጉልበቱ ሲደክም በፋጉሎ፣ በፉሩሽካና በጠላ አተላ ደልቦ ሰንጋ ይባላል፤ ከዚያ ነው ሥጋ ቤት የሚደርሰው። ቤትዎ ሥጋ ባልገባባቸው ወራት ከደጀን እስከ ዳንግላ አንድ በሬ ቀንሷል ብዬ አላስብም፤ ገበሬው አሁንም ማረስ አለበት። በአንድ ኢትዮጵያዊ ስም የሚቆጠረው የሙቀት አማቂ ጋዝም በዚያው በ2011 ስትራቴጂ ስሌት በዓመት ከ2 ቶን በታች ነው፤ የአሜሪካው ከ20 በላይ ነበር። የልጅዎ ጭንቀት ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ዕዳውን የምትከፍለው አጥቢ እናቷ መሆን የለባትም።

ስለ ጮቄም እንዲሁ ነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ተምጫና ብር የሚባሉት ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ፣ ዓባይን ይመግባሉ። ልቅ ግጦሽ ጎድቶታል። ዳገቱ ላይ እየወጣ የሄደው የገብስና የድንች እርሻ፣ እንዲሁም ለማገዶ የተመነጠረው አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ግን ከከብቱ ያልተናነሰ ድርሻ አላቸው። እዚህ ላይ የከተማ ቤት እጅ አለበት። ከሰልዎ ከየት ነው የሚመጣው? አዊ ውስጥ፣ በተለይ በእንጅባራ ዙሪያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ራሱ ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ከተፈጥሮ ጫካ ተቆርጦ ከሚመጣው ከሰል ጋር አንድ አይደለም። ሻጯን ይጠይቋት፤ ታውቃለች። ሌሊቱን ያደረው ሽምብራና ባቄላም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ቶሎ ስለሚበስል ከሰሉን ይቆጥባል። ሥጋ ትተው በምትኩ ያላደረ ባቄላ ከሰዓት እስከ ማታ ከሰል ላይ የሚቀቅሉ ከሆነ ለጮቄ ውለታ መዋልዎ ያጠራጥራል።

ዓሣውን በአጭሩ። ለደምዎም ለቢ12ም ጥሩ ነው፤ ለባለቤትዎም በልኩ ይሆናል። ትኩስ የጣና ዓሣ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ግን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በረዶ የሌለውን አይግዙ። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የጣና ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በክረምት ወንዝ ውስጥ ገብተው ሲራቡ በወንዙ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ ተጠራርገው ብዙ ተመናምነዋል። ስለዚህ ነሐሴና መስከረም ላይ ዓሣ ባይገዙ ይመረጣል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እተዋለሁ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈልግም።

ቅርጫውን ይግቡ። እንዲያውም ሥጋ ከሚበላባቸው መንገዶች ሁሉ እኔ የማከብረው እሱን ነው። ቅጠሉ ተጎዝጉዞ ሥጋው በየመደቡ ሲከፋፈል፣ ከሻኛውም ከጎድኑም ከጨጓራውም ለሁሉ ሲዳረስ፣ ከበሬው የሚጣል ነገር የለም። ሥጋ ቤት ግን አንዱ ሽንጥ ብቻ ይላል፣ ሌላው ጮማ ብቻ ይላል። እናንተ አንድ ሙሉ መደብ አይበዛባችሁም? ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንዱን መደብ ለሁለት ውሰዱ። የበዓሉን ዕለት ልጆቹም እርስዎም በደንብ ብሉ፤ የቀረውን ቀጭን አድርገው ዘልዝለው፣ በበርበሬና በጨው አሽተው ቋንጣ ይስቀሉት። መስከረም ላይ ዝናቡ ስላልወጣ ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። በፍስክ ቀናት ለብዙ ሳምንት ቦዘና ሽሮ ይሆናል። ጉበቱንና ኩላሊቱን ባለቤትዎ እንዲያልፏቸው እርስዎ ሳይሆኑ ልጅዎ ትንገራቸው፤ የሴት ልጅ ቃል አባት ላይ ይሠራል።

ልጅዎ ፊት ቃሌን ያጠፍሁ ይመስለኛል ያሉትም ከዚሁ ጋር ይፈታል። የምርመራ ወረቀቱን ያሳዩዋት። የተማረች ልጅ ቁጥር ታነባለች። ከዚያ የቤቱን ሥጋ እሷ ትመድበው፤ ማን ምን ያህል እንደሚያስፈልገው በዕድሜና በጤና እያየች። የአባቷ ቅዳሜም በሂሳቡ ውስጥ ይግባ። አካባቢውን ማዳን ከፈለገች መጀመር ያለባት ከዚያ ጠረጴዛ ነው፤ ከባድ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ።

ምርመራው የደም ማነስ ካሳየ ሐኪሙ የብረት ክኒን ሊያዝልዎ ይችላል። ሰገራዎ ይጠቁራል፤ አይደንግጡ። ሆድዎን ካመመዎ ከመተው ይልቅ ተመልሰው ይንገሩት። በቡና ወይም በወተት አይዋጡት። ማዞሩ ቢተውዎም ክምችቱ እስኪሞላ የታዘዘልዎትን ወራት ይጨርሱ። ክኒኑን ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡት፤ የዓመት ከስድስት ወር ሕፃን ከረሜላ መስሎት ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ሊገድለው ይችላል።